የሸማ ተራው እሳት እና ሰፊው መኪና

ሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ተቃጠለ። አዲስ አበባ የነበረ ሰው ያን ምሽት አይረሳውም። ስልኩ ሁሉ በቪዲዮ ተጥለቀለቀ። መርካቶ ዘመድ ያለው ሁሉ "አንተ ጋ ደርሷል?" እያለ ሲደውል አመሸ። እሳቱን መቆጣጠር ሰዓታት ፈጀ። የስንቱ ነጋዴ ዕቃ ከነሱቁ ወደመ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሲያወራ የከረመው ስለ መንስኤው ነው። ኮረንቲ ነው፣ ሆን ተብሎ ነው፣ እንዲህ ነው እንዲያ ነው። እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። የሚከነክነኝ ሌላው ነገር ነው፦ የእሳት አደጋ መኪና እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ምን ማድረግ ይችላል? ኃላፊዎች በወቅቱ የመንገዱን ጥበትና የዕቃውን ተቀጣጣይነት አንስተዋል። ልክ ናቸው። ግን "መንገዱ ጠባብ ነው" ብሎ ማቆም ግማሽ መልስ ነው። መኪናውስ ለምን ሰፊ ሆነ?

ቦታውን ለማያውቅ ትንሽ ልበል። የከተማው ትልቁ ገበያ ጥንት አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከዚያ አንስቶ ዛሬ መርካቶ ወዳለበት ወሰደው። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ጥሩ ስፋት አላቸው። በራጉኤል ወይም በአንዋር መስጊድ በኩል መኪና፣ ጋሪና ተሸካሚ እየተጋፋም ቢሆን ይሄዳል። ጉዱ ያለው ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ተራ ውስጥ ለውስጥ በመተላለፊያ የተበጣጠሰ ነው። ሱቆቹ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀዋል። ከሱቁ ፊት በረንዳ ይወጣል፣ ከበረንዳው ፊት ዕቃ ይደረደራል፣ ከዕቃው በላይ ሸራ ይወጠራል፣ ከሸራው በላይ የኮረንቲ ሽቦ ተጠላልፎ ያልፋል። ሁለት ተሸካሚ ፊት ለፊት ከተገናኘ አንዱ ትከሻውን አዘንብሎ ግድግዳ ይለጠፋል።

አንዴ እዚያው መርካቶ፣ ሌላ ተራ ውስጥ፣ አንድ ሸምገል ያሉ ነጋዴ ጠየቅኩ። "ጋሼ፣ ይሄ በረንዳ ላይ ያለው ዕቃ ማታ ይነሳል?"

"የት ይነሳል ልጄ? ውስጡ ሞልቶ አይደል እንዴ የወጣው!"

አንድ ሙሉ የከተማ እሳት አደጋ መኪና ደግሞ መስታወቶቹን ሳይጨምር ስፋቱ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱ 8 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ከሆነ ውሃው ብቻ 10 ቶን ይመዝናል። ይህን ነገር እንኳን መተላለፊያው ውስጥ ማስገባት፣ አፉ ላይ አዙሮ ማቆምም ፈተና ነው። አንዱ ቆሞ ሌላው ከኋላው ከመጣ ደግሞ ባዶው ወጥቶ ሙሉው ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ሹፌሩ ያለው ምርጫ አንድ ነው። ሰፊው መንገድ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የቱቦ ነው።

ሲጀመር ማሽኑ እንዲህ አልነበረም

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የእሳት ማጥፊያ ሞተር ታሪክ ከመርካቶ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ። በጣም ያገናኘዋል።

የዛሬው ቱቦ አባት ያን ፋን ደር ሃይደን የሚባል የአምስተርዳም ሰው ነው። ሙያው ሥዕል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1672 አካባቢ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ከቆዳ የተሰፋ ቱቦ ሠራ። ከእሱ በፊት የነበረው ፓምፕ ውሃውን ከላዩ ላይ በተተከለ አፈሙዝ ነበር የሚረጨው። ስለዚህ ፓምፑ ራሱ እሳቱ ፊት መቆም ነበረበት፣ ውሃውም የሚያርፈው ጣሪያና ግድግዳ ላይ ነበር። ሃይደን ነገሩን ለሁለት ከፈለው። ፓምፑ ውሃው ጋ ይቁም፣ ቱቦው ውስጥ ይግባ አለ። ይቺ ሐሳብ ቀላል ትመስላለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ከመጣው የእሳት አደጋ ቴክኖሎጂ ሁሉ ትበልጣለች ባይ ነኝ።

ቀጥሎ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኒውሻም መጣ። ፓተንቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1721 ነው። መጀመሪያ የአዝራር ሠሪ ነበር። የሚሠራበት የለንደን ሰፈር ክሎዝ ፌር ይባላል፣ የጨርቅ ገበያ የነበረበት ቦታ ነው። የእነሱ ሸማ ተራ በሉት። የኒውሻም ማሽን በሰው እጅ የሚገፋ ረጅምና ቀጭን ሳጥን ነው። ግራና ቀኝ ያሉትን ረጃጅም እጀታዎች ሰዎች ተሰልፈው ሽቅብ ቁልቁል ይነዳሉ፣ ሌሎች መሐል ላይ ቆመው በእግራቸው ይረግጣሉ። ውሃው በባልዲ ቅብብል ይመጣል። ኒውሻም ራሱ ባስነገረው ማስታወቂያ ትልቁ ማሽኑ ምንም ሳይፈታ 3 ጫማ ስፋት ባለው መተላለፊያ ያልፋል ብሏል። 3 ጫማ 90 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1731 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሞተሮቿን የገዛችው ከእሱ ነው።

ልብ በሉ። ከ300 ዓመት በፊት የጨርቅ ገበያ ሰፈር ውስጥ የተሠራው ማሽን ሸማ ተራ ውስጥ ይገባል። የዛሬው አይገባም።

ታዲያ ምን አሰፋው? ጉልበት። እ.ኤ.አ. በ1829 ለንደን ውስጥ ብሬዝዌይትና ኤሪክሰን በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር አወጡ። እንፋሎት ማለት የውሃ ማፍያ ጋን፣ የድንጋይ ከሰልና የሚጎትቱት ፈረሶች ማለት ነው። ከዚያ ቤንዚን መጣ። መኪናው ራሱ ሄዶ፣ ራሱ ውሃ ተሸክሞ፣ ራሱ የሚገፋ ሆነ። መሰላሉም ተጨመረበት፣ የሠራተኞቹ ጋቢናም ሰፋ። እያንዳንዱ ጭማሪ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ድምሩ ግን ሰፊ አስፋልት ላለው ከተማ የተሰፋ ልብስ ሆነ።

መሐል ላይ የተረሳች አንዲት ዘር አለች። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች ትልልቁን ሞተር መግዛት አይችሉም ነበር። ስለዚህ ቀላል መኪና፣ ብዙ ጊዜ ፎርድ ሞዴል ቲ፣ ይገዙና ከኋላው የኬሚካል በርሜል ይጭኑበታል። በርሜሉ ውስጥ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ አለ። እሳቱ ጋ ሲደርሱ የሰልፈሪክ አሲዱን ይቀላቅሉታል። በሚፈጠረው ጋዝ ግፊት ውሃው በቀጭን ቱቦ ይወጣል። ፓምፕ የለ፣ የውሃ መስመር መፈለግ የለ። ውሃው ጥቂት ነው። ግን እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ይደርሳል። ኬሚካሉን ዘመን ሽሮታል። ትንሽና ፈጣን መኪና አስቀድሞ ይድረስ የሚለው ሐሳብ ግን አልተሻረም። ጃፓኖች እስከዛሬ የሰፈር ጠባብ መንገድ ላይ የሚያሰማሩት በትንሿ ኬይ መኪና ላይ የተጫነ ፓምፕ ነው። ኬይ መኪና በሕጋቸው ከ1.48 ሜትር በላይ መስፋት አይፈቀድላትም። እኛ አገር ዳማስ የምንላት መኪና የዚያው ቤተሰብ ናት፣ ስፋቷም ወደ 1.4 ሜትር ነው። ዳማስ መርካቶ ውስጥ የት የት እንደምትሹለከለክ ለእናንተ አልነግራችሁም።

100 ሜትር ቱቦ ምን ያህል ይበላል?

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። መኪናው ሰፊው መንገድ ላይ ቆሟል እንበል። እሳቱ 100 ሜትር ወደ ውስጥ ነው።

ሠራተኞቹ ሁለት ዓይነት ቱቦ ይኖራቸዋል፣ ቀጭኑ 38 ሚሊሜትርና ወፍራሙ 65 ሚሊሜትር። በቀጭኑ በደቂቃ 380 ሊትር ብንልክ በ100 ሜትር ውስጥ ከ5 ባር በላይ ግፊት በፍትጊያ ብቻ ይጠፋል። 5 ባር ማለት ውሃን 50 ሜትር ሽቅብ የሚገፋ ጉልበት ነው። ይሄ ሁሉ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ያንኑ ውሃ በወፍራሙ ብንልከው የሚጠፋው ግማሽ ባር አይሞላም።

እንግዲያው ወፍራሙን ነዋ! አዎ፣ ግን ወፍራሙ ውሃ ሲሞላ በሜትር ከ3 ኪሎ በላይ ይመዝናል። 100 ሜትሩ ከ300 ኪሎ ያልፋል። ይህን በየማዕዘኑ እያጠፉ፣ በወደቀ ሸራና በተበተነ ዕቃ ላይ፣ በጭስ ውስጥ መጎተት ነው። ቱቦው ታጥፎ ከታነቀ ውሃው ይቆማል። ከፊት ያለው ሠራተኛ ደግሞ ለምን እንደቆመ አያውቅም። ስለዚህ በሙያው የተለመደው ዘዴ ሁለቱን ማቀላቀል ነው። ወፍራሙን ባዶውን ዘርግቶ እሳቱ አቅራቢያ ያደርሱታል፣ ጫፉ ላይ ባለ ሁለት አፍ መክፈያ ይገጥማሉ፣ ከዚያ በሁለት ቀጫጭን ይገባሉ። ይሄ ሰውና ልምምድ ይፈልጋል። መኪና በመግዛት ብቻ አይመጣም።

ውሃውስ? 10,000 ሊትር ብዙ ይመስላል። በደቂቃ 950 ሊትር የሚተፋ አንድ ትልቅ አፈሙዝ በ10 ደቂቃ ተኩል ይጨርሰዋል። ሁለት አፈሙዝ ከሆነ 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ቦቴ እየተመላለሰ ማቀበል አለበት፣ ያውም በመርካቶ ምሽት ትራፊክ፣ ሊያይ በወጣ ሰውና ዕቃውን ሊያወጣ በሚሯሯጥ ነጋዴ መሐል። አጠገቡ ግፊት ያለው የመንገድ ላይ ሃይድራንት (ቱቦ የሚገጠምበት የውሃ አፍ) ካለ ታሪኩ ይለወጣል፣ ከሌለ ግን እሳት ማጥፋቱ የቦቴ ሎጂስቲክስ ይሆናል።

ከፍታው ደግሞ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ይህን ሲያወራ የሰማሁት ሰው ጥቂት ነው። መርካቶ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር የሩብ ያህል ሳስቷል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ፓምፕ ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ ውሃ ሲስብ ደግሞ በእርግጥ የሚሠራው የአየሩ ግፊት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ በስሌት ከ10 ሜትር ጥልቀት የሚሳበው እዚህ ከ8 ሜትር በታች ነው። በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል፣ 5 ሜትር ላይ ከሳበ ጎበዝ ነው። ፓምፑ ላይ የተለጠፈው ፕሌት የሚናገረው ግን ስለ ባሕር ወለል ነው። ሐምቡርግ ወይም ኦሳካ ላይ የተፈተነ ቁጥር አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ላይ አይደገምም። ትናንሾቹ ተሸካሚ ፓምፖች ብዙዎቹ ቱርቦ የላቸውም፣ ስለዚህ ችግሩ እነሱ ላይ ይብሳል። ሲገዙ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መግዛት፣ ካርቡሬተር ያለውን ለከፍታው ማስተካከል ግድ ነው።

ቆርቆሮው እና ጥጡ

ውሃው ደረሰ እንበል። ከመንገድ ላይ ሆኖ ከላይ የሚረጭ አፈሙዝ ለካሜራ ያምራል። ከሥር ያለው ግን ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ የተሠራው ውሃን ለማንሸራተት ነው፣ የእሳት አደጋንም ውሃ እንደ ክረምት ዝናብ ያንሸራትተዋል። ውሃው በአሸንዳ ይወርዳል፣ እሳቱ ከሥሩ ሥራውን ይቀጥላል። እንጨቱ ሲቃጠል ጣሪያው ይወድቃል። ወድቆም ዕቃውን እንደ ክዳን ይሸፍነዋል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው በጣም የቆየ መሣሪያ ነው፣ ረጅም እጀታ ያለው መንጠቆ። ቱቦ ሳይኖር፣ ፓምፕ ሳይኖር ሰው እሳትን የሚታገለው በመንጠቆ ጣሪያ እየጎተተ ነበር።

ጨርቁ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ እየተንጠባጠበ እሳቱን ወደ ታች ይወስዳል። ጥጥ ግን ይደበቃል። የታሰረ የጥጥ ጨርቅ ክምር ላዩ ጠፍቶ ውስጡ ለሰዓታት ይጨሳል። ውሃ ላዩ ላይ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። ለዚህ ውሃው ውስጥ ከ1 በመቶ የማይበልጥ የአረፋ ፈሳሽ ይጨመራል። ለእንጨትና ለጨርቅ የተሠራ ለየት ያለ ዓይነት አለው። ሥራው ሳሙና ልብስ ላይ እንደሚሠራው ነው፣ ውሃው እንዲሰርግ ማድረግ። ከዚያም ክምሩን መበተን፣ ማገላበጥ፣ እንደገና ማርጠብ ይከተላል። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ሠራተኞቹ ለምን እዚያው እንደሚቆዩ የማይገባው ሰው አለ። የሚቆዩት ለዚህ ነው።

ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲቃጠልም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ቦታው ሰፋ ይላል፣ መኪና ይቀርበዋል። ግን አሮጌ እንጨት ያለበት ቤት ነው። እዚያ ጃዛምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት ጠፋ፣ ሆቴሉ ግን ተርፎ እንደገና ሠራ። የቤት ዕድሜና የቤት ቁስ ከመኪናው እኩል ይወስናል።

እኔ ብሆን

በሸማ ተራው ምሽት ሠራተኞቹ የሚችሉትን አድርገዋል ብዬ አምናለሁ። 100 ሜትር ቱቦ በጭስ ውስጥ የጎተተን ሰው ከሶፋ ላይ ሆኖ መተቸት ነውር ነው። የምተቸው አሠራሩን ነው። እሳት በተነሳ ቁጥር "መኪና ይጨመር" እንላለን። ሰፊ መኪና ላይ ሌላ ሰፊ መኪና ቢጨመር መተላለፊያው አፍ ላይ ወረፋው ይረዝማል እንጂ ሌላ ለውጥ የለም።

ለመርካቶ የሚሆነው የሃይደን ዘዴ ነው። ትልቁ መኪና ሰፊው መንገድ ላይ ይቁምና ውሃ ይግፋ። ትንሿ ትግባ። በዳማስ ልክ የሆነች መኪና 300 ወይም 400 ሊትር ውሃ፣ ትንሽ ፓምፕና ቀጭን ቱቦ ይዛ በቅርብ ብታድር፣ በእሳት አደጋ ስልክ 939 ሲደወል አስቀድማ ትደርሳለች። ትልቅ እሳት አታጠፋም። አንድ ሱቅ ገና ሲጀምር ግን ታቆማለች። መቶ ሱቅ ሲነድ የሚመጣን ትልቅ መኪና ከመጠበቅ ይሻላል።

ከዚህም የሚበልጠው ደግሞ መኪና እንኳን አይደለም። በየመተላለፊያው ግድግዳ ላይ የብረት ቱቦ ባዶውን መዘርጋት ነው። አንደኛው ጫፍ ሰፊው መንገድ ላይ ይወጣል፣ መኪናው እዚያ ይገጥማል። ውስጥ ለውስጥ በየተወሰነው ርቀት መውጫ አፍ ይኖረዋል። ፎቅ ቤቶች ላይ ሽቅብ የሚተከለው ደረቅ መስመር ማለት ነው፣ ይሄኛው ጋደም ያለ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ያን ጊዜ 300 ኪሎ ቱቦ መጎተት ይቀራል፣ ሠራተኛው አጭርና ቀጭን ቱቦ ብቻ ተሸክሞ ይገባል።

አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ መጋጠሚያውን። እ.ኤ.አ. የካቲት 1904 ባልቲሞር ስትቃጠል ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒውዮርክ ሞተሮች በባቡር ጭምር መጡላት። የብዙዎቹ ቱቦ ጥርስ ከባልቲሞር ሃይድራንት ጋር አልገጥም አለ። ከ1,500 በላይ ሕንፃ ጠፋ። ጀርመኖችና ስዊሶች የሚጠቀሙበት ስቶርዝ የሚባለው መጋጠሚያ ወንድና ሴት የለውም፣ ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፣ ሩብ ዙር አዙሮ ማሰር ብቻ ነው። እንግሊዝ የራሷ አላት፣ አሜሪካ የራሷ ጥርስ አላት፣ ጃፓንም ሌላ። መኪና በግዢም በእርዳታም ከተለያየ አገር የሚመጣበት ከተማ አንዱን መርጦ "ከዚህ ውጪ አልቀበልም" ማለት አለበት። የሕንፃ ባለቤቶችም ግድግዳቸው ላይ የሚያስገጥሙት አፍ ከመኪናው ጋር መግጠሙን አስቀድመው ይጠይቁ። በሥራ አጋጣሚ ያየሁት አንድ አዲስ ሕንፃ ላይ አፉ በሚያብረቀርቅ ቀይ ተቀብቶ፣ መጋጠሚያው የየትኛው አገር እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን ጥበቃውን ጨምሮ አልነበረም።

ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ የመርካቶ ጥያቄ ነው። ነሐስ በኪሎ ይሸጣል፣ አሉሚኒየምም እንደዚያው። መውጫ አፎቹ ክፍት ቢተዉ በሳምንት ውስጥ ተፈተው ያልቃሉ። ስለዚህ በብረት ሳጥን ይቆለፋሉ። ቁልፉ አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ የእሳት አደጋው መኪና ላይ፣ አንዱ ከተራው ጥበቃ ዘንድ፣ አንዱ ማታ ሱቁን መጨረሻ ላይ ከሚዘጋው ነጋዴ ኪስ ውስጥ መሆን አለበት። ነጋዴው ዕቃውን ሳጥኑ ፊት እንዳይከምር የሚያደርገው ማን እንደሆነ ደግሞ ከደንብ አስከባሪ ይልቅ የተራው ሰዎች ራሳቸው ተሰብስበው ቢወስኑት ይሻላል።